የተማሪው ቁራሽና የትምህርት ቤቱ ገበታ፤ ስለ ሐዋሳ ሕፃናት

ሐዋሳ ዕድሜዋ ከአንድ ሰው ዕድሜ እምብዛም የማይበልጥ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በስምጥ ሸለቆው ሜዳ፣ በሐዋሳ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በታቦርና በአላሙራ ኮረብቶች አጠገብ፣ በ1952 ዓ.ም. ግድም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ፈቃድ ስትቆረቆር፣ ስፍራው የሲዳማ ሰዎች ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት አዳሬ የሚባል የግጦሽ መስክ ነበረ፤ ከመጀመሪያዎቹ ሠፋሪዎችም መካከል ከጦር ሠራዊት በጡረታ የተሰናበቱ ወታደሮች ይገኙባቸው ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማነት ከይርጋለም ወደ እርስዋ በተዛወረ ጊዜ፣ ሹሙም፣ ነጋዴውም፣ ጸሐፊውም፣ መምህሩም ልጆቹን ይዞ ወረደ፤ ልጅ ባለበትም ትምህርት ቤት መሠራቱ ግድ ሆነ።

እንዲህ ያለች አዲስ ከተማ የትምህርት ታሪክ አላት ወይ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ሕንፃዎችዋን ለሚቆጥር ሰው ትምህርት ቤቶችዋ በእርግጥ የትናንት ናቸው፤ ነገር ግን የሚማረውን ልጅ ማን ይመግበዋል፣ ንጽሕናውን ማን ይጠብቅለታል፣ ሲታመም ማን ያስታምመዋል፣ ሲከፋውስ ማን ያጽናናዋል የሚለው ጥያቄ ከከተማዋ መቆርቆር እጅግ አስቀድሞ በአገራችን ሲነሣ የኖረ ነው። በዘመናችን አንዳንድ ሰዎች የትምህርት ቤት ሥራ ማስተማር ብቻ እንደሆነ፣ ማብላትና ማከም ግን የወላጅ ወይም የለጋሽ ጉዳይ እንደሆነ አድርገው ሲናገሩ ይሰማል። የቀድሞውን ነገር በመረመርሁ መጠን ለእኔ የሚታየኝ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የተማሪ ቀለብና የተማሪ ጤና ከጥንት ጀምሮ ከትምህርቱ ያልተለዩ ነበሩ፤ የተለዩትም በቅርብ ጊዜ፣ ያውም አቅም በማነሱ እንጂ መለየታቸው የተሻለ ሆኖ ስለተገኘ አይደለም።

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት ማስታወስ ይገባል። በሐዋሳም የቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በከተማዋ እምብርት ቆሞ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ከየአገሩ የሚጎርፈውን ምእመን ሲቀበል እንደኖረ የታወቀ ነው፤ በየአጥቢያው ዐጸድ ልጅ ፊደል ቆጥሮ፣ ከአቡጊዳ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ መዝሙረ ዳዊት የሚሻገርበት ሥርዓትም ከሰሜኑ ሠፋሪ ጋር አብሮ ወደ ደቡብ የወረደ ነው። በዚያ ሥርዓት ከአገሩ ርቆ የሚማረው የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ የመንደሩ እመቤት ከእንጀራዋ ቈርሳ መስጠትዋን እንደ ምጽዋት ብቻ ሳይሆን እንደ አጥቢያው ግዴታ ትቆጥረው ነበር፤ የኔታም ተማሪው የለመነውን ቁራሽ ለታናናሾቹና ለታመሙት እንዲያካፍል ያዝዝ ነበር። ይህን ስል ያ ኑሮ የተመቸ ነበር ማለቴ አይደለም። በደበሎው ውስጥ ቅማልና እከክ ይራባ፣ በጠባቧ ጎጆ ውስጥ ተስቦና ፈንጣጣ ሲገባ ተማሪው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር፤ የአለንጋውም ነገር የማይዘነጋ ነው። ቢሆንም መሠረተ ሐሳቡ ግልጽ ነበር፦ ልጁ የሚማር ከሆነ አገሩ ሊመግበው ይገባል።

የሲዳማም ሕዝብ ልጅን የማሳደጉን ነገር ለአንድ ቤት ብቻ አልተወውም። በፊቼ ጨምበላላ፣ ይኸውም በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ በተመዘገበው የዘመን መለወጫ በዓል፣ ሕፃናት በየቤቱ እየዞሩ «አይዴ ጨምበላላ» እያሉ የመልካም ምኞት ሰላምታ ሲያቀርቡ፣ ባለቤቶቹ ከእንሰት በቅቤና በወተት የተዘጋጀውን ቡርሳሜ ያበሏቸዋል። በዚያ ቀን የማን ልጅ ነህ ተብሎ የሚመለስ ሕፃን የለም፤ ከደጅ የደረሰው ሁሉ ይበላል። ሁለቱ ልማዶች፣ የሰሜኑ የተማሪ ቁራሽና የደቡቡ የሕፃናት ቡርሳሜ፣ በአንዲት ከተማ ተገናኝተው ሳለ፣ በመካከላቸው የተሠራው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከሁለቱም ሳይማር ለረጅም ጊዜ መቆየቱ የሚያሳዝን ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ግን በጅማሬው እንዲህ አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. ግድም የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት፣ በኋላም የእቴጌ መነን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈቱ፣ አዳሪው ተማሪ መኝታው፣ ምግቡ፣ ልብሱና ሕክምናው ከትምህርቱ ጋር አብሮ ይሰጠው ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላም፣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ጦርነቱ ያፈረሰውን ሁሉ እንደገና ለማቆም ሲደከም፣ መንግሥት ደብተሩንና እርሳሱን በነጻ ከማደል አልፎ በብዙ ቦታ ቀለብም ይቆርጥ ነበር፤ ምክንያቱም ልጁን ከእረኝነትና ከእርሻ ነጥቆ ወደ ትምህርት ቤት ለመስደድ የማይፈቅደውን ወላጅ ለማባበል ሌላ መንገድ አልነበረም። ኋላ ግን ሕዝቡ የትምህርትን ጥቅም አይቶ ልጆቹን በራሱ ፈቃድ እያመጣ ሲያሰልፍ፣ የመንግሥት ካዝና ያን ሁሉ አፍ ሊመግብ አልቻለም፤ ስለዚህ አዳሪው እየቀነሰ፣ የቀን ተማሪው እየበዛ ሄደ። ቀለቡም ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ወላጅ ጓዳ ተመለሰ፤ የወላጅ ጓዳ ባዶ ቢሆንስ ተብሎ ግን በዚያን ጊዜ የተጠየቀ አይመስልም።

ሐዋሳ የተቆረቆረችው ልክ በዚህ መሸጋገሪያ ላይ ነው። በ1940 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ግብር አዋጅ ባለርስቱና ገባሩ ከመሬቱ ግብር ጋር ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚውል ገንዘብ እንዲከፍል ያዝዝ ነበር፤ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶም የጤና ግብር ተጨመረ። ሐሳቡ ቅዱስ ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን ፍትሕ የጎደለው ሆነ፤ ትምህርት ቤቱና ሐኪም ቤቱ በከተማ ሲሠራ፣ ከፋዩ በገጠር ነበረና። በሲዳማ ገጠር ቡናና እንሰት የሚተክለው ገበሬ ሁለቱንም ግብር ከፍሎ፣ ልጁ ግን ፊደል ሳይለይ፣ ወባ ሲይዘውም ኪኒን ሳያገኝ ይቀር ነበር። ይህን በደል በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ዘርፍ ጥናት በግልጽ አውስቶት ነበር፤ ጥናቱ ግን የመምህራኑንና የወላጁን ቁጣ ቀስቅሶ፣ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ከሌላው ብሶት ጋር ተደርቦ አድማ አስነሣ እንጂ በሥራ ላይ አልዋለም።

በዚያው ዘመን የተሠራ በጎ ሥራም አለ። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር ሕዝባዊ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ጠባቂ የሆኑ ሦስት ዓይነት ሠራተኞችን በአንድ ላይ እያሠለጠነ ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር፤ ከሥራቸውም አንዱ በአካባቢያቸው ያሉትን ትምህርት ቤቶች መጐብኘት፣ የልጆችን ዓይንና ቆዳ መመርመር፣ ክትባት መስጠት፣ የመጠጥ ውኃውንና የመጸዳጃውን ሁኔታ ማየት ነበር። በሲዳሞ የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን በይርጋለም ሆስፒታል፣ የካቶሊክ ኮምቦኒ ሚሲዮናውያን ደግሞ በሐዋሳ ትምህርት ቤት አቁመው ሲያገለግሉ፣ መድኃኒትና ፊደል በአንድ ግቢ እንዲገኙ አድርገዋል። በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተቋቋመው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማሠሪያ ድርጅትም ሕዝቡ ራሱ ከወጪው ድርሻውን እያዋጣ ብዙ መማሪያ ክፍሎች እንዲሠሩ ረድቷል። ደግሞም ከስዊድን ጋር በተደረገው ትብብር የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል ተቋቁሞ፣ ኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ለመሆን በቅቶ፣ ፋፋ የተባለውን ገንቢ ዱቄት ለአገሩ ሰጥቷል። ፋፋን ያልቀመሰ የዚያ ትውልድ የከተማ ልጅ ጥቂት ነው።

የሰኞ ጧትን ሰልፍ የማያስታውስ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ይኖራል ብዬ አላምንም። ሰንደቅ ዓላማው ተሰቅሎ መዝሙሩ ካበቃ በኋላ፣ የየክፍሉ ኃላፊ መምህር በተማሪዎቹ መካከል እየተዘዋወረ፣ ልጆቹ ሁለት እጆቻቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ ጥፍራቸው መቆረጡን፣ አንገታቸው መታጠቡን፣ የደንብ ልብሳቸው ኰሌታ መንጻቱን ይመለከታል። ያልታጠበውን ወደ ቧንቧ ይልከዋል፤ ቧንቧ ከሌለም ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። የሰኞው ምርመራ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአብዛኛው ትምህርት ቤት የጤና አገልግሎት በሙሉ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም፤ ደግሞም ጉድለቱ ግልጽ ነው። ቤቱ ሳሙናና ውኃ የሌለውን ሕፃን ስለ ቆሸሸ ወደዚያው ቤት መመለስ፣ የአንዱን ቀን ትምህርት ከማሳጣት በቀር የሚሰጠው ፈውስ አልነበረም። መምህራኑን ግን አልወቅስም፤ ብዙዎቹ ከትንሹ ደመወዛቸው ቀንሰው ለድኻ ተማሪ ደብተርና ሳሙና ሲገዙ የኖሩ ናቸው፤ በማንም መዝገብ ያልተጻፈው ይህ ውለታቸው የዚህ ታሪክ ትልቁ ክፍል ነው።

አብዮቱ ሲመጣ ትምህርት ቤት ለሁሉ ተከፈተ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ሲዳምኛም አንዱ ነበረ። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ደግሞ የሲዳማ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በእናቱ ቋንቋ መማር ጀመረ። ይህን ጉዳይ ስለ ጤናና ስለ ደኅንነት በተጻፈ ድርሰት ውስጥ የማስገባው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሆዱን ሲያመው ለመምህሩ የሚናገርበት ቃል ከሌለው፣ አስፈቅዶ ወደ ውጭ ለመውጣትም አንደበቱ ከታሰረ፣ የመጀመሪያው ትምህርቱ ፍርሃት ነውና። ነገር ግን የተማሪው ቁጥር ሲበዛ ክፍሉ ጠበበ፤ ትምህርቱም በፈረቃ ሆነ፤ የጧቱ ፈረቃ ልጅ ቁርስ ሳይበላ ይመጣል፣ የከሰዓቱም ልጅ ምሳ ሳይበላ።

ሐዋሳን ከሌሎች ከተሞች ልዩ የሚያደርጋት ሐይቅዋ ነው፤ ስለ ሕፃናትዋም ጤና ሲነገር ሐይቁን ማለፍ አይቻልም። ይህ ሐይቅ ከጥቁር ውኃ ወንዝ ይቀበላል እንጂ የሚወጣለት ወንዝ የለውም። በዳርቻው ልጆች ይዋኛሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ በአሞራ ገደል ቆሮሶውን እየበለቱ ሳንቲም ያገኛሉ፤ በዳር ዳሩ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ግን የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ይኖራሉ፤ ከእነርሱም የሚወጣው ጥገኛ ትል በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ገብቶ፣ አንጀትንና ጉበትን እየጐዳ፣ ሕፃኑን ያደክመዋል፣ ደሙንም ያሳንሰዋል። በክፍል ውስጥ ሰነፍ ተብሎ የሚገሠጸው ልጅ ብዙ ጊዜ የታመመ ልጅ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ደግሞ ወባ ይነሣል። ሌላም የስምጥ ሸለቆው ምድር ያመጣው ጉዳት አለ፤ ከእሳተ ገሞራ ዓለት በሚፈልቀው የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ ስለሚበዛ፣ ጥርሳቸው ገና በሚሠራበት ዕድሜ ያን የጠጡ ልጆች ጥርሳቸው ይበልዛል። ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ፣ ተነሥተህ አንብብ ሲባሉም አንገታቸውን የሚደፉ ልጆች አሉ፤ የውኃ ጉዳይ እንዲህ አድርጎ የንባብ ጉዳይ ይሆናል።

ከኅዳር 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የትል መድኃኒት በትምህርት ቤቶች መታደሉ፣ በእኔ ግምት፣ ከሰኞው የጥፍር ምርመራ ወዲህ የተደረገ ትልቁ እርምጃ ነው። የዕደላውን ቀን ቀርቦ ያየ ሰው ብዙ ይማራል። ልጆቹ ተሰልፈው፣ አንድ በአንድ ምልክት በተቀባ የቁመት መለኪያ ዘንግ አጠገብ ይቆማሉ፤ ለቢልሃርዝያ የሚሰጠው የፕራዚኳንቴል እንክብል ብዛት በሚዛን ሳይሆን በቁመታቸው ይወሰናል፤ ለአንጀት ትሎች የሚሆነው አልቤንዳዞል ግን ለሁሉም አንድ እንክብል ነው፤ የተሰጣቸውንም በመምህራቸው ፊት ይውጣሉ። ታዲያ ያ የፕራዚኳንቴል መድኃኒት በባዶ ሆድ ከተዋጠ ያጥወለውላል፣ ያስታውካልም፤ ስለዚህ ልጆቹ ቁርስ በልተው እንዲመጡ አስቀድሞ ይነገራል። ቁርስ የሌለውስ? መድኃኒቱ በነጻ መጥቶ ሳለ፣ የሚውጠው ልጅ ሆድ ባዶ በመሆኑ ሲያጥወለውለው ከማየት በላይ፣ ምግብን፣ ጤናንና ትምህርትን ነጣጥሎ ማሰብ ከንቱ መሆኑን የሚያስረዳ ነገር አላውቅም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የትምህርት ቤት ጤናና ሥነ ምግብ ስትራቴጂም ሦስቱን በአንድነት ማሰቡ ተገቢ ነው።

የኤድስ ዘመን ለሐዋሳ ከባድ ነበር። ከተማዋ በዐቢይ ጐዳና ላይ የተቀመጠች፣ መንገደኛና ሠራተኛ የሚበዛባት በመሆንዋ፣ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች በየክፍሉ ተገኙ፤ በየትምህርት ቤቱ የተቋቋሙት የፀረ ኤድስ ክበቦች በግጥም፣ በጭውውትና በሚኒ ሚዲያ ያስተማሩት ትምህርት፣ ያልታመመውን ከመጠበቅ ሌላ፣ ለወላጅ አልባው ልጅ ጓደኛና መካሪ አስገኝቷል። የልጃገረዶቹም ጉዳይ ከዚህ አያንስም፤ የተለየ መጸዳጃና ውኃ በሌለበት ግቢ ዐሥራ ሦስትና ዐሥራ አራት ዓመት የሞላት ተማሪ በየወሩ ጥቂት ቀን መቅረትዋ የማይቀር ነው፤ ከዚያም ለብዙዎቹ ጨርሶ መቅረት ይከተላል። ይህ ለረጅም ዘመን በኀፍረት የተሸፈነ ነገር በትምህርት ቤት ውስጥ በግልጽ መነገር መጀመሩ የሴት መምህራንና የሴት ተማሪዎች ክበቦች ሥራ ነው።

ቁራሹም በመጨረሻ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰ። በ1986 ዓ.ም. ግድም የዓለም ምግብ ፕሮግራም ድርቅ በሚያጠቃቸው ወረዳዎች ለተማሪዎች የበቆሎና የአኩሪ አተር ገንፎ ማቅረብ ጀመረ፤ በአርብቶ አደሩ አገር ደግሞ ሳይቀሩ ለሚማሩ ልጃገረዶች ወደ ቤታቸው የሚወስዱት ዘይት ይሰጣቸው ነበር። ከ2004 ዓ.ም. በኋላ ግን በደቡብና በኦሮሚያ የተሻለ ሐሳብ ተሞከረ፤ ከባሕር ማዶ በመርከብ የሚመጣው እህል ቀርቶ፣ እህሉና ቦሎቄው ከአካባቢው ገበሬዎች ተገዝቶ፣ በመንደሩ ሴቶች ተቀቅሎ፣ ወላጆች እንጨትና ውኃ እያቀረቡ፣ ልጆቹ በትምህርት ቤታቸው ግቢ ይመገቡ ጀመር። ከሐዋሳ በማይርቀው በቦሪቻ ወረዳ በዚህ ምገባ ላይ ጥናት ተደርጎ፣ ውጤቱ በ2010 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ምገባ ባለባቸው ትምህርት ቤቶች ያሉ ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ የምግባቸው ዓይነት የተሻለ፣ አካላቸው የጠና፣ ከክፍልም የማይቀሩ ሆነው ተገኝተዋል። በአዲስ አበባም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር የመንግሥት ትምህርት ቤት ሕፃናትን ቁርስና ምሳ መመገብ፣ የደንብ ልብስና ደብተርም መስጠት ጀምሯል። የመንግሥት አቅም አንሶ ከትምህርት ቤት የወጣው ቀለብ፣ ከሁለት ትውልድ በላይ ቆይቶ፣ በሕዝቡ ገንዘብና በሕዝቡ እህል ሲመለስ ማየት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ፣ የተዘጋው ክፍሉ ብቻ አልነበረም፤ ምገባ ባለበት ምገባውም፣ ልጆቹን በየቀኑ የሚያይላቸው ዓይንም አብሮ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ሲዳማ ክልል ሆኖ ሐዋሳ መዲናው ሆነች። ከዚያ አስቀድሞ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ከየወረዳው ብዙ ወጣት ሴቶችን አምጥቷል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በጠባብ የኪራይ ክፍል እየኖሩ፣ በፈረቃ እየሠሩ፣ ልጅ ያሳድጋሉ። የእነዚህ እናቶች ልጆች ዛሬ በአፀደ ሕፃናትና በአንደኛ ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እናት በጧት ፈረቃ ከቤት ስትወጣ የልጁን ቁርስ የሚያየው መምህሩ ነው።

ስለዚህ የሐዋሳን ሕዝብ አንድ ነገር እለምናለሁ። አውቶቡሱና ባጃጁ ለጐብኚ የሚሮጥባት፣ ዓሣዋ ለሩቅ ሆቴል የሚጫንላት፣ የሲዳማ ቡና፣ አቮካዶና ቦሎቄ በደጅዋ የሚያልፍባት ከተማ የራስዋን ሕፃናት በየትምህርት ቤታቸው ግቢ አንድ ጊዜ በቀን ለመመገብ የሚያቅታት አይደለችም። የወላጅ መምህር ኅብረቶች የትምህርት ቤታችሁን ወጥ ቤት፣ ቧንቧና የልጃገረዶች መጸዳጃ ከአጥርና ከበር ግንባታ አስቀድሙ፤ ነጋዴዎችና ባለሆቴሎች በአቅራቢያችሁ ያለውን አንድ ትምህርት ቤት ጐብኙ፤ የመንግሥት ሰዎችም በጀቱን ስትቆርጡ ምገባውንና ጤናውን ከመጻሕፍቱና ከደመወዙ ጎን በዚያው መዝገብ ጻፉት።